ስም ያለው የሳይክል መስመር ላይ ለመንዳት ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ሳይክል ለመዝናናት የሚነዳ ሰው ቀስ በቀስ የሰፈሩ መንገድ ይጠበውና ስም ያለው መስመር ላይ ሄዶ መንዳት ያምረዋል፣ ደስ የሚለው ደግሞ እንደዚህ አይነት ቦታ አሁን በየአህጉሩ አለ፤ የወንዝ ዳር መንገድ በሉት፣ ሃዲዱ ተነስቶ ለሳይክል የተስተካከለ የድሮ ባቡር መስመር በሉት፣ ከደሴት ደሴት በድልድይ የሚያሻግር፣ ጫካ ለጫካ የሚሄድ፣ ብቻ ምርጫው ብዙ ነው። ግን አብዛኛው ሰው ቦታውን የሚመርጠው በፎቶና በዝና ነው፣ ከዛ ሄዶ ተሰቃይቶ ይመለስና "አይረባም" ይላል። ነገሩ የተበላሸው ግን ገና ቤት ሲመረጥ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ላስቀምጥላችሁ።

ትልቁ ስህተት ኪሎሜትር ብቻ አይቶ መወሰን ነው። 60 ኪሎሜትር ለስላሳ አስፋልት ሜዳ ላይ እና 60 ኪሎሜትር ዳገት ቁልቁለት የበዛበት ኮረኮንች ምንም አይገናኙም። ጃፓን ያለውን ሺማናሚ ካይዶን ውሰዱ፣ ከኦኖሚቺ እስከ ኢማባሪ ወደ 70 ኪሎሜትር ነው፣ ደሴቶቹን በድልድይ እያገናኘ ባህር ላይ ይሄዳል፣ አስፋልቱ ላይ ሰማያዊ መስመር ስለተቀባ መንገድ የመጥፋት ነገር ብዙም አያሰጋም። ፎቶውን ያየ ሰው "ባህር ዳር ስለሆነ ሜዳ ነው" ይላል፣ ግን ድልድዮቹ መርከብ በስራቸው እንዲያልፍ ከፍ ተደርገው ነው የተሰሩት፣ ስለዚህ ድልድይ ጋ በደረሳችሁ ቁጥር ዞር ዞር እያለ የሚያወጣ መንገድ አለ። ለሳይክል ተብሎ ለዘብ ያለ ዳገት ነው፣ ግን ሲደጋገም እግር ላይ ይጠራቀማል። ለመዝናናት የሚነዳ ሰው በሰዓት 15 ኪሎሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ፎቶ ማንሳቱ፣ ምሳው፣ ቁጭ ብሎ ባህር ማየቱ ሲጨመርበት 70 ኪሎሜትር ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ ከርዝመቱ ጋር በጠቅላላ ስንት ሜትር ሽቅብ እንደሚወጣ እዩ፣ ብዙዎቹ የማፕ አፖች ያሳያሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ማንም የማያስበው ከየትኛው ጫፍ ልጀምር የሚለው ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል ምክንያቱም ምንም ወጪ ሳይኖረው ጉዞውን በሙሉ የሚቀይር ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባል 240 ኪሎሜትር የሚሆን መስመር አለ፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ፣ ከፒትስበርግ ተነስቶ ሜሪላንድ ውስጥ ካምበርላንድ ይደርሳል። ባቡር ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል የድሮ ባቡር መስመሮች ዳገታቸው ብዙ ጊዜ 2 ፐርሰንት እንኳን አይሞላም፣ ለዛ ነው ለጀማሪም ለቤተሰብም የሚመቹት። ግን የመስመሩ ከፍተኛው ቦታ፣ 729 ሜትር ላይ ያለው፣ መሃል ላይ አይደለም፣ ወደ ካምበርላንድ ተጠግቶ ነው ያለው። ከካምበርላንድ ከጀመራችሁ በመጀመሪያዎቹ 38 ኪሎሜትሮች ብቻ ከ500 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፣ ከፒትስበርግ ከጀመራችሁ ግን ያንኑ ከፍታ 200 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ተበትኖ ነው የምታገኙት፣ መውጣታችሁን ራሱ ላታውቁት ትችላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቁልቁል እየተንከባለላችሁ ትገባላችሁ። ዳገቱን ትኩስ እግር እያለኝ ልገላገል የሚል ሰው ከካምበርላንድ ቢጀምር ጥሩ ነው፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን ከፒትስበርግ ጀምሩ ነው የምለው። ነፋስም እንደዛው ነው። አውሮፓ ውስጥ ዳንዩብ ወንዝ ዳር ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ያለው ወደ 320 ኪሎሜትር የሚሆን መንገድ ላይ ብዙ ሰው ወንዙን ተከትሎ ወደ ምስራቅ ነው የሚነዳው፣ ምክንያቱም ወንዙ ወደዛ ስለሚወርድና ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ ከጀርባ ይገፋል። በተቃራኒው መጥቶ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ፊቱን ሲመታው የሚውል ሰው ሜዳ ላይ ሆኖ ዳገት የሚወጣ ነው የሚመስለው።

መሬቱን አለማጣራት ደግሞ አለ። አስፋልት፣ የተደቆሰ ድንጋይ፣ አፈር፣ ልቅ ጠጠር፣ ሁሉም "የሳይክል መንገድ" ነው የሚባሉት ግን ጎማችሁ ላይ የሚያደርጉት ነገር ሌላ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ሙንዳ ቢዲ የሚባለው ከ1000 ኪሎሜትር በላይ የጫካ መስመር ላይ አተር የሚያክሉ ክብ ጠጠሮች አሉ፣ ቀጭን የሩጫ ጎማ ይዞ የገባ ሰው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ የፊት ጎማው በስሩ ይንሸራተታል። እንደዚህ አይነት ቦታ ጎማው ሰፋ ያለ ይሁን፣ ውስጡ ያለውን አየርም ትንሽ ቀነስ አድርጉት፣ ጎማ ድንጋይ እስኪመስል ከተነፋ ጠጠሩ ላይ እየነጠረ እጃችሁንና ወገባችሁን ይጨርሳችኋል። ከካምበርላንድ ወደ ዋሺንግተን የሚወስደው የሲ ኤንድ ኦ ካናል (ለጀልባ የተቆፈረ የውሃ ቦይ) ዳርቻም፣ 297 ኪሎሜትሩ፣ ድሮ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ መንገድ ነው፣ ሲደርቅ ብዙው ቦታ ይመቻል፣ ዝናብ ከጣለ ግን ጭቃው ፍሬንና ካቴና ውስጥ እየተጠቀጠቀ ያስቆማችኋል። ያው ይሄኛውና ግሬት አሌጌኒ ካምበርላንድ ላይ ስለሚገናኙ ብዙ ሰው አንድ ላይ ይነዳቸዋል፣ ግሬት አሌጌኒን አይቶ ሲ ኤንድ ኦም እንደዛው ነው ብሎ ነው የሚሳሳተው። ኩርንችት የሚበዛበት ደረቅ አገር ከሆነ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ወጥታችሁ ሳይክሉን ሳር ላይ አታስተኙ፣ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪም ያዙ።

በወቅቱ ክፍት ነው ወይ ብሎ አለመጠየቅም አለ። ግሬት አሌጌኒ ላይ ቢግ ሳቬጅ የሚባለው 1 ኪሎሜትር የሚሆን ዋሻ በብርዱ ወራት በሩ ይዘጋል፣ ዳንዩብ ላይ ሳይክል የሚያሻግሩ ትንንሽ ጀልባዎች አሉ፣ እነሱም ዓመቱን ሙሉ አይሰሩም። ይሄን ሳያውቅ የደረሰ ሰው ወይ ይመለሳል ወይ መኪና የሚበዛበት መንገድ ላይ ይወጣል።

ዋሻ ካነሳሁ አይቀር፣ ቀን ስለምነዳ መብራት ምን ያደርግልኛል የሚሉም ብዙ ናቸው። ሲ ኤንድ ኦ ላይ ፓው ፓው የሚባል ዋሻ አለ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1836 መቆፈር ተጀምሮ በ1850 ነው ያለቀው፣ ውስጡ 6 ሚሊዮን ገደማ ጡብ ተደርድሮበታል፣ ርዝመቱ 950 ሜትር አካባቢ ነው። ውስጡ መብራት የሚባል የለም። በአንድ በኩል ግድግዳው፣ በሌላ በኩል ውሃው፣ መሃል ላይ አንድ የእንጨት መደገፊያ፣ መሬቱ ወጣ ገባ ነው፣ ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ገባ እንዳላችሁ መውጫው ጭላንጭል ብቻ ሆኖ ነው የሚታየው። እዛ ጋ ወርዶ ሳይክሉን እየገፉ በእግር መሄድ ነው፣ የስልክ መብራት አንድ እጅ ስለሚይዝባችሁ መሪው ላይ ወይም ሄልሜት ላይ የሚታሰር መብራት ይሻላል።

በግሩፕ ስትሄዱ በጠንካራው ሰው ልክ ማቀድ ሌላው ነው። ጎበዙ "100 ኪሎሜትር ምንም አይደለም" ይላል፣ ሌላው ያፍርና ዝም ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ ይከዳዋል። እቅዱ በደካማው ልክ ይሁን፣ ጎበዙ ከፈለገ ወደ ጎን ወጥቶ ዞሮ ይምጣ። ለዚህ ቤልጂየምና ኔዘርላንድ ያለው አሰራር የሚገርም ነው፣ በየመገናኛው ቁጥር ያለው ምልክት አለ፣ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳላችሁ፣ የደከመው አሳጥሮ ይመለሳል፣ ሌላው ይቀጥላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1995 ቤልጂየም ሊምበርግ ውስጥ ነው የተጀመረው፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የተከራያችሁትን ሳይክል ሳትፈትሹ አትውጡ፣ ይሄ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ሁለቱንም ፍሬን ጨምቃችሁ ወደፊት ግፉት፣ ጎማው መዞር የለበትም። ማርሹን ከላይ እስከ ታች ቀያይሩት። ተቀምጣችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት፣ በጣም ከታጠፈ መቀመጫው ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ እንደዛ ሆኖ 40 ኪሎሜትር መንዳት ለጉልበት ህመም በር መክፈት ነው። የኤሌክትሪክ ሳይክል ከሆነ መስመሩ ላይ ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ህጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ውሃ ላይ ብዙ አልልም፣ በሰዓት ግማሽ ሊትር አካባቢ አስቡ፣ ሙቀት ካለ ጨምሩ፣ ቀጣዩ ውሃ የት እንደሆነ ሳታውቁ የያዛችሁትን አትጨርሱ። ማፑንም ኔትወርክ እያለ አውርዱት።

ሰው የሚሄድበት መንገድ ላይ ደግሞ ከኋላ ጸጥ ብሎ መጥቶ ማለፍ በጣም መጥፎ ልማድ ነው፣ እባካችሁ ደወል ምቱ ወይም ድምጽ አሰሙ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ፈረስ ካያችሁ ቁሙና ባለፈረሱን አናግሩት።

መመለሻን ሳያስቡ መነሳትም አለ፣ አብዛኞቹ እነዚህ መስመሮች ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላ ጫፍ የሚሄዱ ናቸውና። ሺማናሚ ላይ ተራ ኪራይ ሳይክል ሌላ ጣቢያ ላይ መመለስ ይቻላል፣ ለሁሉም አይነት ሳይክል ግን አይሰራም፣ ስትከራዩ ጠይቁ። ባቡር ወይም አውቶብስ ከሆነ የምትመለሱበት ለራሳችሁ ትኬት ስላላችሁ ሳይክሉም ቦታ አለው ማለት አይደለም፣ ብዙ ቦታ ለብቻው ቡኪንግ ይፈልጋል፣ ቦታውም ቶሎ ስለሚያልቅ ከመነሳታችሁ በፊት ያዙት።