ሸርጣን ገዝታችሁ ስትመለሱ በረዶውን በጠርሙስ አርጉት
ሰመር ላይ ከዲሲ በሩት 50 መንገድ ቤይ ብሪጅ የሚባለውን ድልድይ ተሻግራችሁ የሜሪላንድ የባህር ዳርቻ ከተማ ወደሆነችው ኦሽን ሲቲ ልትወርዱ ያሰባችሁ፣ ኩለሩ (ማቀዝቀዣ ሳጥኑ) ውስጥ ልቅ በረዶ አትጨምሩ። ማታውኑ አራት አምስት የውሃ ፕላስቲክ ፍሪዘር አስገቡ (እስከ አፉ አትሙሉት ይፈነዳል)፣ ከታች ደርድሩትና እርጥብ ፎጣ ጣል አርጉበት፣ ሸርጣኑ ከላይ። ልቅ በረዶ ሲቀልጥ ከስር ውሃ ያቁራል፣ በህይወት ያለ ሸርጣን ደሞ እዛ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን አልቆበት ይሞታል፣ ኦይስተርም (ባለ ዛጎሉ የባህር እንስሳ) ጨው የሌለው ውሃ አይስማማውም። ክዳኑን ገርበብ አርጉት፣ አየር ይፈልጋሉ። ቤት ስትደርሱ ሳይቀቀል የሞተ ካለ ሳታቅማሙ ጣሉት። ለተቆራረጠ አሳ ግን ይሄ አይበቃም፣ እሱን በላስቲክ አሽጋችሁ በረዶ ውስጥ ቅበሩት። ጿሚ ካላችሁ ደሞ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ስለሚገባ ጉዞውን ሐምሌ ላይ ጨርሱት።