የቧንቧ ውሃ ሲሸት፣ ሲቀላ፣ ሲነጣ፦ ከማፍላታችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ የውሃው ጠረን ከተቀየረ የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነው፤ «አፍሉት»። እናቴም፣ ጎረቤቴም፣ የሰፈሩ ባለ ሱቅም ይሄንኑ ነው የሚሉት። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ከሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ውሃ የሚገባውን ናይትሬትንና እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን ግን ንክች አያደርጋቸውም። ውሃው ተኖ ሲያንስ እነሱ ባሉበት ይቀራሉ፤ ድስቱ ውስጥ የሚተርፈው ከበፊቱ ይብሳል።

ስለዚህ ምድጃ ከመለኮሳችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። ችግሩ እናንተ ቤት ብቻ ነው ወይስ ጎረቤትም ጋ አለ? ቧንቧውን ለተወሰነ ደቂቃ ስትለቁት ይቀንሳል ወይስ እንዳለ ነው? ግማሹ መልስ እዚሁ ይገኛል።

ቀይ ወይም ቡናማ ውሃ

ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ያውቀዋል። ውሃ ሁለት ሶስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ሻይ ይመስላል። ውሃው በኃይል ሲመለስ የብረት ቧንቧውን ዝገት ጠራርጎ ያመጣዋል። እስኪጠራ አፍስሱት፤ የፈሰሰውን ለሽንት ቤት አጠራቅሙት። የጎረቤት ጠርቶ የእናንተ ካልጠራ፣ ያረጀው ከቆጣሪ ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧችሁ ነው። ከመቀየር ሌላ መላ የለውም።

ብረት መብዛቱን ሻይ ይነግራችኋል፤ እንዲህ ያለ ውሃ ሻይን ያጠቁረዋል። እድፉ ነጠላ ላይ ካረፈ በረኪና እንዳታስነኩት፤ ጭራሽ ያጸናዋል። ሎሚ ይሻላል። (ይሄን የተማርኩት በባለቤቴ ነጠላ ነው፤ ዝርዝሩን ተዉት።)

እኔን ዝገቱ ያን ያህል አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ባዶ መስመር ነው። ግፊት ሲጠፋ ቧንቧው በስንጥቁ በኩል ዙሪያውን ያለውን ፍሳሽ ይስባል። የእናንተ መስመር በቦይ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ የጋራዥ ዘይቱም የሽንት ቤቱም አብሮ ሊገባ ይችላል። ውሃ በተመለሰ ቁጥር የመጀመሪያውን አትጠጡ፣ ሮቶም ውስጥ አታስገቡ።

እንደ ወተት የነጣ

ብርጭቆ ቅዱና አስቀምጡት። ከስር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ ጠጡት። ነጩ ነገር ወደ ታች ከዘቀጠ ግን ደለል ወይም ከከተማው የውሃ ማጣሪያ ያመለጠ ነገር ነው፤ ለውሃ አገልግሎቱ አሳውቁ።

በረኪና በረኪና ሲል

ይሄ በብዛት ስሞታ የሚቀርብበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። የከተማው ውሃ ቦዬ ላይ ተጣርቶ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ቧንቧችሁ ጋ ሲደርስ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን (ገና ጀርም መግደል የሚችል ክሎሪን) ቢቀርለት ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ወሰን አድርጎ ያስቀመጠው 5 ሚሊግራም ነው። ሽታው ቡናችሁን ካበላሸው (ጅማ ተቀምጦ ቡና ማበላሸት ነውር ነው) ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ቅዱና ሳትከድኑ ትንሽ አቆዩት፤ ሽታው ይቀንሳል። አይን የሚያቃጥል ከሆነ ግን አትጠጡት፤ ደውሉ።

ቤንዚን ወይም ናፍታ ሲሸት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አንድ ወዳጄ አዲስ የፕላስቲክ መስመር አስገባ። በማግስቱ ሳይሆን ከወራት በኋላ ጠዋት ጠዋት ውሃው ጋዝ ጋዝ ማለት ጀመረ። ቧንቧውን ሲለቀው ሽታው ይጠፋል። ማታ ደግሞ ደህና ነው። ስንጥቅ ፈልገን አጣን።

ለካ ፕላስቲኩ መቀደድ አያስፈልገውም። መስመሩ የሚያልፈው ድሮ ጋራዥ በነበረ ግቢ ስር ነው። አፈሩ ቤንዚን ጠጥቷል። ቤንዚን ደግሞ በፕላስቲክ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ያልፋል። ሌሊቱን ሙሉ ውሃው ቆሞ ስለሚያድር ጠዋት ይጠነክራል።

እንዲህ ከሆነ አትጠጡት፣ አታብስሉበት፣ አታፍሉትም፤ እንፋሎቱን ትተነፍሱታላችሁ። ሽታው ሲጠፋም አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። መፍትሄው መስመሩን ከዚያ አፈር ማራቅ፣ ካልሆነም በዚያ በኩል የሚያልፈውን በብረት መቀየር ነው። ወዳጄ አዙሮ በሌላ በኩል አስገባው። ከዚያ በኋላ ሽታው አልተመለሰም።

ሽታው ከጀሪካን ብቻ ከሆነ ደግሞ ቧንቧውን አትክሰሱት። ጸረ ተባይ ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት ጀሪካን በአመድም በአሸዋም ቢታጠብ አይነጻም፤ ፕላስቲኩ መጥጦታል። ሌላ ሰው እንዳይቀዳበት ብሱት።

ምንም ምልክት የሌለው

የጉድጓድ ውሃ ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ ሊሆን ይችላል። ከጎኑ ሽንት ቤት ካለ ግን ናይትሬት ይገባበታል፤ ይሄ ቀለምም ሽታም የለውም። ወሰኑ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። በተለይ የሚጎዳው በጡጦ የሚመገብ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ነው፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ቀደም ብሎ ደግሞ የሕፃኑን ወተት በጉድጓድ ውሃ አለመበጥበጥ ነው። አሁንም ላስታውስ፤ ማፍላት ያባብሰዋል።

ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን

አዲስ ሽታ ወይም አረፋ በየቤቱ በአንድ ጊዜ ከታየ ችግሩ ከምንጩ ወይም ከዋናው መስመር ነው። የመጀመሪያ ሥራችሁ የሮቶውን መግቢያ መዝጋት ነው፤ ትናንት የገባው ንጹህ ውሃ ያኔ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ቀጥሎ ደውሉ። የውሃ አገልግሎቱ በበኩሉ ውሃውን ከሚያገኝበት ወንዝ መሳቡን ማቆም፣ የተበከለውን መስመር መዝጋትና ማፍሰስ፣ ከዚያ ናሙና ማስመርመር አለበት።

ናሙና ስትሰጡ ሁለት ንጹህ የመስታወት ጠርሙስ ያዙ። አንዱን ጠዋት ቧንቧ እንደተከፈተ፣ ሌላውን አምስት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ ቅዱ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቱ የቱ እንደሆነ ላያቸው ላይ ጻፉ።