ሀብት ሲገባ ጣዕም እንዳይወጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በዳንግላ ወላጆቻቸው በአንድ ጥማድ በሬ ያሳደጓቸው፣ እነርሱ ግን በንግድ፣ በጭነት መኪና ወይም በሕንፃ ሥራ የከበሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ያገኙትን ያገኙት በላባቸው ነውና ሀብታቸው ሊያስመሰግናቸው እንጂ ሊያስነቅፋቸው አይገባም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቤቶች በብዙዎቹ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይሰማል፤ ወጡ እንደ ድሮው አይጣፍጥም፣ በዓሉ በዓል በዓል አይሸትም፣ ለልጆቹ የተገዛው ሁሉ በማግሥቱ ይሰለቻቸዋል። ይህን ቅሬታ የጥጋብ ማማረር ነው ብሎ መናቅ ተገቢ አይመስለኝም። አንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን የደከመለት ኑሮ በመጨረሻ ደስ የማያሰኘው ከሆነ የጠፋበት ነገር ትልቅ ነው፤ የሚጠፋውም በአመዛኙ ሊታረሙ በሚችሉ ስህተቶች ምክንያት ነው።

ጥፋቱን በዘመን ማሳበብ

“ዘመኑ ነው፤ ቅቤውም ዶሮውም እንደ ጥንቱ አይደለም” የሚለው ምክንያት በጥቂቱ እውነትነት አለው። የፈረንጅ ዶሮ የሐበሻውን አያህልም፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤም ከገበያ አይጠፋም። ነገር ግን ያው ቅቤና ያው ዶሮ በአንዱ ቤት ጣት ሲያስልስ በሌላው ቤት ተገፍቶ ሲነሣ እናያለን፤ ስለዚህ ለውጡ በሚቀመሰው ነገር ላይ ብቻ ሳይሆን በቀማሹም ላይ ደርሷል ማለት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቡና ተመራማሪው ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ከፍተኛ የሎተሪ ገንዘብ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ሎተሪ ካልደረሳቸው ሰዎች ጋር አነጻጽረው ነበር። ከጠየቋቸው ነገሮች መካከል ቁርስ መብላት፣ ከወዳጅ ጋር መጨዋወትና ቀልድ መስማት ይገኙበታል፤ ባለ ዕድሎቹ ከእነዚህ የዕለት ተዕለት ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ዕድሉ ካልደረሳቸው ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የተጠየቁት ሰዎች ቁጥር ትንሽ ነውና ከዚህ አንድ ጥናት ብቻ ተነሥቶ መፍረድ አይቻልም። ሆኖም በ2010 እ.ኤ.አ. በጆርዲ ኩዋድባክና በባልደረቦቹ የታተመው ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል፤ ቸኮሌት ከመብላታቸው በፊት የገንዘብ ፎቶግራፍ ያዩ ሰዎች ካላዩት ይልቅ ቸኮሌቱን ፈጥነው ጨርሰዋል፣ በፊታቸው ላይ የታየው ደስታም ያነሰ ነበር። ገንዘብን ማሰብ ብቻ እንኳ አጣጥሞ የመብላትን ትዕግሥት የሚቀንስ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ከገንዘብ ጋር የሚውል ሰው ራሱን መመርመር ይኖርበታል።

ጾሙን ዘሎ ፋሲካውን መጠበቅ

ከሁሉም ስህተት ይበልጥ ሊብራራ የሚገባው ይህ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ሳምንታት በጎጃም ገጠር ቅቤ በቅል ተከድኖ ይቀመጣል፣ ዕንቁላል ይጠራቀማል፣ ዶሮ ይቀለባል፤ ምላስ ከሽሮ፣ ከክክ፣ ከስልጆና ከተልባ ጋር ይሰነብታል። በቀዳም ስዑር ቄጠማው በራስ ላይ ሲታሰር ወጡ ገና ምድጃ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ በመጨረሻም የከረመው ቅቤ ጠብ ሲል የሚነሣው ሽታ ግቢውን ሁሉ ያዳርሳል፤ ነገር ግን ማንም አይቀምስም፣ ጨው መብቃቱ እንኳ በግምት ነው የሚታወቀው። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ፣ እግር ከመቆም ዝሎና ዓይን በእንቅልፍ ከብዶ የሚቆረሰው የመጀመሪያው እንጀራ የሚሰጠውን ደስታ ማንኛውም ሥጋ ቤት በዋጋ ሊሸጠው አይችልም፤ ምክንያቱም የደስታው ግማሽ የተሠራው በድስቱ ሳይሆን በ55ቱ ቀናት ነው።

ሀብት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀረው ይህ መጠበቅ ነው። በሳምንት አራትና አምስት ቀን ቁርጥና ጥብስ የሚበላ ሰው ፋሲካ ሲደርስ የሚጨምርለት ነገር የለውም፤ ስለዚህ መጠኑን ያበዛል፣ በግ በነበረበት በሬ ያርዳል፣ ጣዕሙ ግን አይመጣም። ይህን የምለው የሃይማኖትን ግዴታ ለማስተማር አይደለም፤ ያ የካህናት ድርሻ ነው። የምለው፣ አያቶቻችን ያቆዩልን የጾምና የፍስክ ሥርዓት ነፍስን ከማነጹ ሌላ ጣዕምንም የሚጠብቅ መሆኑንና እርሱን በቀላሉ የሚተው ሰው የሚያጣውን ነገር ሳያውቀው እንደሚያጣ ነው።

የዚህ ስህተት ሌላው መልክ ጾሙን ሳይተዉ ጾሙን ራሱን ድግስ ማድረግ ነው። በትሪ ሙሉ የሚቀርበው በየዓይነቱ ላይ ዓሣው፣ በዘይት የሰከረው ቲማቲም ለብለብ፣ ኬኩና ጭማቂው ሲደራረብ ቅቤና ሥጋው ቢቀርም ጥጋቡ አይቀርም። እንዲህ ያለ ጾም ለፋሲካ የሚያቆየው ረሃብ የለም።

ከምርጡ በታች ያለውን ሁሉ መናቅ

ጤፍ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ እየተባለ በደረጃ ይሸጣል፤ በጎጃም ቆላማና ወይና ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ ዳጉሳው አለ፣ ለጠላም ለእንጀራም የሚሆን። ገንዘብ ያገኘ ቤት ወደ ማኛው መሸጋገሩ የሚጠበቅ ነው፤ ማኛ በእርግጥም ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል። ስህተቱ የሚጀምረው ሌላውን ማየት ሲያስጠላ ነው። ወደ እናቱ አገር ለዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው፣ ከምጣድ የወጣ ጥቁር የዳጉሳ እንጀራ በአዋዜ ተቀብቶ ሲቀርብለት ቀና ብሎ “ነጭ የለም ወይ?” ካለ፣ ያዋረደው ጋጋሪዋን ብቻ አይደለም፤ ሕፃን ሳለ እንጎቻውን ሳይበርድ ለመቀበል ምድጃ ሥር ተኮልኩሎ ያገኝ የነበረውን ደስታም ከራሱ ላይ ቀምቷል። ማርም እንዲሁ ነው፤ ነጭ ማር ብቻ የሚቀምስ ሰው ቀዩንና ጥቁሩን፣ ማለትም ንቡ በየወቅቱ ከየአበባው የሚያመጣውን ልዩ ልዩ ጣዕም፣ አያውቅም። ምርጡን ለክብር ቀን አቆይቶ መካከለኛውን ለዘወትር ማድረግ ስስት አይደለም።

ድካምን ሁሉ በገንዘብ መግዛት

በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ በሚታጨድበት ጊዜ ደቦ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። አጫጆቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ጎንበስ ይላሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሌማቱ ይመጣል፣ ጠላውም በሽክና ይዞራል። ወቅቱ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሆነ በሌማቱ ላይ ያለው ከሽሮና ከክክ አያልፍም። ነገር ግን ኋላ ከተማ ገብተው የከበሩ ሰዎች ስለ ምግብ ሲያወሩ ደጋግመው የሚያነሡት ያንን ሽሮ ነው፤ ወገብ ደክሞ፣ እጅ ተልጦ፣ ከጎረቤት ጋር እየተሳሳቁ የበሉት ስለሆነ።

ይህ ማለት ድካም ሁሉ ይቆይ ማለት አይደለም። እናቶች በእኩለ ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ የነበረበትን ዘመን፣ ልጃገረዶች እንስራ አዝለው ሩቅ ወንዝ ይወርዱ የነበረበትን መንገድ ማንም ሊመኘው አይገባም፤ የሞተር ወፍጮና የቧንቧ ውኃ የቀነሱት ድካም ደስታ ያልነበረበት ድካም ነው። መለየት ያለበት ሰውን ብቻውን የሚያደቅቀው ድካም ሰዎችን ከሚያገናኘው ድካም ነው። ሠርግን ብንወስድ፣ ቀድሞ ጎረቤት ሁሉ ዳስ ሲጥል፣ ጌሾ ሲወቅጥ፣ ሽንኩርት ሲልጥ ይሰነብት ነበርና ደስታው ከሠርጉ ቀን ብዙ ቀድሞ ይጀምር ነበር። ዛሬ አዳራሹም ምግቡም ማስዋቢያውም በውል ይገዛል፤ ጎረቤቱ በጥሪ ወረቀት መጥቶ፣ በልቶና ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ባለ ድግሱ ብዙ ብር ያወጣል፣ ምናልባትም ይበደራል፣ ጎረቤቶቹ ግን ሠርጉን የእኔ ነው አይሉትም። አቅም ያለው ሰው አዳራሹን ቢከራይ እንኳ ቢያንስ ጠላውንና ዳቦውን ለጎረቤት እጅ ቢተው ብዙውን ያተርፋል።

አጥርን ከጎረቤት በላይ ማስረዘም

ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚፈላው ጎረቤት እስኪሰበሰብና ወሬው እስኪበስል ጊዜ እንዲገኝ ጭምር ነው። በጣና ዳር፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ በገዳማቱ ዙሪያ ባለው ደን ጥላ ሥር የበቀለ ቡና እንኳ ቢሆን በመኪና ውስጥ ለብቻ ተቀምጦ ሲጠጣ የሚቀረው መራራነቱ ነው። የብረት በሩ ከፍ ብሎ፣ ዘበኛው “ማን ልበል?” እያለ፣ ሶፋው እንዳይቆሽሽ ቄጠማ መጎዝጎዝ ሲቀር “ቡና ጠጡ” የሚለው ጥሪ አጥሩን አያልፍም፤ ጥቂት ከቆየ ደግሞ ጎረቤትም መጥራቱን ይተዋል። ለጥበቃ የሚያስፈልገው አጥር ይታጠር፤ የቡናው ሰዓት ግን በሩ ይከፈት።

ልጆችን መጓጓት ማሳጣት

ወላጅ ያጣውን ለልጁ ለማሟላት የሚጓጓው በፍቅር ነውና ይህን ስህተት መንቀፍ ይከብዳል። ቢሆንም ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲጨፍር ውሎ ሙልሙል ያገኘ ልጅ ሙልሙሉን እንዴት እንደሚይዘው ያየ ሰው፣ ለእንቁጣጣሽ የተገዛ ልብስ ሳይለበስ ስንት ጊዜ ተዘርግቶ እንደሚታይ የሚያውቅ ሰው፣ ልጅ ከዕቃው ይበልጥ በጉጉቱ እንደሚደሰት አይጠፋውም። በየሳምንቱ አሻንጉሊት የሚገዛለት ልጅ የሚማረው ነገር ሁሉ በጠየቀ ጊዜ እንደሚመጣ ነው። ለልጅ ገደብ ማበጀት፣ በዓልን ጠብቆ መስጠትና የሰጡትንም ከጎረቤት ልጅ ጋር እንዲጫወትበት ማድረግ ፍቅርን አይቀንስም።

ድህነትን ማወደስ

እስካሁን የተባለውን የሰማ ሰው ወደ ተቃራኒው ገደል እንዳይገባ ያስፈልጋል። በጎጃም ስለ ቆሎ ተማሪ ብዙ ይወራል፤ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ቅኔ ለመማር ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ “በእንተ ስማ ለማርያም” ብሎ የለመነውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር በውኃ አርሶ ሲበላ እንደ ማር ይጥመው እንደ ነበር ሊቃውንቱ ራሳቸው ሲተርኩ ይሰማል። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ከዚያው ጎጆ በእከክ የተሠቃዩ፣ በተስቦ ያለቁ ልጆችም ነበሩ፤ ስለ እነርሱ የሚተርክላቸው የለም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጎተራው የሚጎድልበት ገበሬ በረሃብ ጣዕም አይማርም፤ ይጎዳል። የተመረጠ መጠበቅና የተጫነ እጦት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ባለጸጋ ለድሃ ጎረቤቱ ከመርዳት ይልቅ “አንተ እኮ ደስተኛ ነህ” የሚል ጭካኔ ሊናገር ይችላል።

ለመታረም ሁሉን መተው ያስፈልጋል ብሎ ማሰብ

ብዙዎች ነገሩን ተረድተው ሳለ የማይጀምሩት መፍትሔው ንብረትን ሁሉ ጥሎ መመነን ስለሚመስላቸው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ኩዋድባክና ኤልሳቤጥ ደን የታተመላቸው ጥናት ከዚህ ያነሰ ነገር እንደሚበቃ ያመለክታል፤ ለአንድ ሳምንት ቸኮሌት እንዳይበሉ የተነገራቸው ሰዎች ወደ ቸኮሌቱ ሲመለሱ፣ በሳምንቱ እንደ ልባቸው እንዲበሉ ከተሰጣቸውም ሆነ ምንም መመሪያ ካልተሰጣቸው ሰዎች ይልቅ ተደስተውበታል። ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም አገር ለዚህ እንግዳ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ከሥጋውም፣ ከለስላሳውም፣ ከውድ ሆቴሉም በጣም የለመደውን አንዱን ብቻ መርጦ ለተወሰነ ጊዜ ቢያቆም ይበቃዋል፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማቆም ቤቱን ያስመርራል። የሚመረጠውም አባት ብቻውን የሚወስነው ሳይሆን ልጆችም የተስማሙበት ቢሆን ይሻላል። ማብቂያው ቀን ግን አስቀድሞ ይታወቅ፤ መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ መታቀብ ልጆቹን ያስኮርፋል እንጂ አያስናፍቃቸውም።