ወፏን አታሳድዱ፣ አበባው ጋ ጠብቋት

ሰንበርድ የሚባሉትን ትናንሽ ወፎች እንዴት ፎቶ ላንሳ ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው። ወፏን ተከትላችሁ አትሩጡ። አበባው አጠገብ ቁጭ በሉ፤ ራሷ ትመጣለች።

ሰንበርዶች በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ ይገኛሉ። ብዙ ሰው ከአሜሪካዎቹ ሃሚንግበርዶች ጋር ያምታታቸዋል። ሃሚንግበርድ የአበባውን ማር የሚቀስመው በአብዛኛው አየር ላይ እንደተንሳፈፈ ነው። ሰንበርድም አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ግን አርፎ ነው የሚመገበው፣ ለእኛ ደግሞ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው።

ለጀማሪ እሬትን የመሰለ የለም። ያበበ እሬት ስታገኙ ካሜራውን ለማውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የአበባውን ዘንግ ከታች እስከ ላይ በደንብ እዩት። አበባው የሚፈነዳው ከታች ጀምሮ ነው። የታችኞቹ ጠውልገዋል፣ የላይኞቹ ገና እንቡጥ ናቸው። መሃል ላይ አፋቸውን የከፈቱ አሉ። ማሩ ያለው እዚያ ነው፣ ምንቃሯም የሚገባው እዚያው ነው። ስለዚህ ፎከሱን ቀድማችሁ እዚያ ላይ አድርጉትና ጠብቁ። ጭንቅላቷን ስታወጣ ግንባሯ ላይ ቢጫ ነገር ካያችሁ የአበባው ዱቄት ነው፤ ወደሚቀጥለው አበባ ይዛው ትሄዳለች። ለእኔ ከሚያብረቀርቅ ላባ ይልቅ ይቺ ፎቶ ትበልጥብኛለች።

ቱቦው ረጅም የሆነ አበባ ካጋጠማችሁ ደግሞ የቱቦውን ግርጌ ተመልከቱ። ሰንበርዶች ምንቃራቸው አልደርስ ሲላቸው ከጎን ወግተው ማሩን ይመጥጡታል። ትንሽ ቀዳዳ ካለ ወፎቹ ሳይጎበኙት አልቀሩም።

ብርሃን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወንዱ ላባ እንደ ብረት የሚያብለጨልጨው በቀለም ብቻ አይደለም፤ የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን ስለሚመልሰው ነው። ማዕዘኑ ከተበላሸ ያ ሁሉ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ጥቁር ሆኖ ያርፋል። ጠዋት ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። አንገቱን ባዞረ ቁጥር ቀለሙ ስለሚቀያየር በተከታታይ አንሱ። ጥቁር ላባ ካሜራን ያታልላል፣ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን፣ ትንሽ ቀነስ አድርጉት።

ሌንስ 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ላረፈች ወፍ 1/1000 ሰከንድ፣ ለምትበር 1/2000 እና ከዚያ በላይ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ አለ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ትንሽ የሻከረ ይሻላል። ካሜራ የሌላችሁ 8 እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ይዛችሁ ኑ፣ ምንም አይቀርባችሁም።

ሴቷን ደብዛዛ ናት ብላችሁ አትለፏት። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ጎጆ ሠሪዋ እሷ ናት። ምንቃሯ ላይ የሸረሪት ድር ካያችሁ የተንጠለጠለች ጎጆዋን እያሰረችበት ነውና ወደ ኋላ ራቅ በሉ። ፎቶው ጥርት እንዲል ብሎ ቅጠል መቁረጥ ፈጽሞ አይሆንም። ያ ቅጠል ጫጩቶቹን ከፀሐይም ከአዳኝም የሚከልል ነው።

በስልክ የወፍ ድምፅ እየከፈቱ መጥራትም ይቅር፣ በተለይ በመራቢያ ወቅት። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ምግቡን ትቶ ሊጣላ ይወጣል። ያን ጊዜና ጉልበት ለጫጩቶቹ ነፍሳት ሊያድንበት ይችል ነበር።