ጥፋቱ የመጽሐፉ አልነበረም

ቨርጂኒያ ውስጥ ልጄን ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በአንድ ዓመት ሁለት የሒሳብ መጽሐፍ ቀያየርኩ። ዕድሜዋ የሦስተኛ ክፍል ነው ብዬ የገዛሁት ሁሉ በእንባ ያልቃል። በመጨረሻ አሳታሚዎች በነፃ የሚያቀርቡትን፣ ልጅ ከየትኛው ደረጃ መጀመር እንዳለበት የሚለየውን የምደባ ፈተና ሰጠኋት፤ «52 ሲቀነስ 27» ለሚለው 35 ብላ ጻፈች። ከ7 ላይ 2ን ቀንሳ! ለካ ከአሥር ቤት መበደር አልገባትም።

አንድ ክፍል ዝቅ ብዬ፣ በሲንጋፖር ዘዴ የተዘጋጀ መጽሐፍ ያዝኩ፤ መጀመሪያ በእጅ በሚጨበጥ ነገር፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ ከዚያ በቁጥር ነው የሚያስተምረው። 52 ባቄላ ቆጥሬ አሥር አሥሩን በአምስት ትንንሽ ከረጢት ቋጠርኩላት፤ ሁለት ፍሬ ተረፈ። አንዱን ፈትታ ከሁለቱ ነጠላ ፍሬዎች ጋር ስትቀላቅል 12 ሆነ። ሰባቱን አነሣች፤ ሁለት ከረጢትም ወደ ጎን አደረገች። «እማዬ፣ 25 ነው!»

የጣልኩትን የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ አሁን መልሰን ጀምረነዋል።