ቦቢ በቡድን ሥልጠና ላይ እንዴት ልብ አለችኝ

ውሻዬን ቦቢን ቤት ውስጥ "ቁጭ" ስላት ወዲያው ቁጭ ትላለች። በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባሉት ዛፎች ጥላ ሥር ከሌሎች 6 ውሾች ጋር ስንሰለጥን ግን ስሟንም የማታውቅ ትመስል ነበር። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። አፍንጫዋ ከመሬት አይነሳም። እኔ ደግሞ ስሟን ደጋግሜ እጠራለሁ፣ ገመዱን እጎትታለሁ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነበር። ከመደጋገሙ ብዛት ስሟ ለሷ ባዶ ድምፅ ሆነ።

መፍትሔው ርቀት ነው። ከቡድኑ 20 እርምጃ ያህል ራቅን። ስሟን አንዴ ብቻ ጠርቼ ዝም አልኩ። ዘወር ብላ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ በዚያችው ቅጽበት የጥፍር አክል የተቀቀለ ጉበት አጎረስኳት። ደረቅ ዳቦ እዚያ አይሠራም፤ ሽልማቱ ከባጃጁ መብለጥ አለበት። ሦስት አራቴ ከታዘዘች በኋላ "ሂጂ፣ አሽትቺ" እላታለሁ። ማሽተት ለሷ ከጉበት አይተናነስም። ሲፈቀድላት ሰርቃ ማሽተቱን ተወች። ከዚያ በየቀኑ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ቡድኑ ተጠጋን። ሐሳቧ ከተበተነ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

የድሬን ሙቀት አትርሱ። ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ በሙቀት እያለከለከች ትምህርት አይገባትም። አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንጀምራለን፣ ለ10 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ውሃ። ትናንት አጠገቧ ሌላ ውሻ ሲጮህ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።