«አይርገጡበት» የተባለ እግር ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ባለፈው ወር አንዲት እናት ልጃቸውን ተደግፈው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍሌ ገቡ። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ ሰባት ሳምንት በጄሶ ቆይተዋል። ስብራቱ ገጥሟል። ጄሶው ከጉልበት በታች ነበር፤ ጉልበታቸው ግን አልታጠፍ አለ። «አይንቀሳቀሱ ተብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። የሐኪሙን ወረቀት አየሁት፤ የሚለው «አይርገጡበት» ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ስህተት ይህ ነው። አለመርገጥ ሌላ፣ አለማንቀሳቀስ ሌላ! የአጥንቶቻችንን ጫፍ የሸፈነው ለስላሳ ልባስ፣ ካርቲሌጅ የምንለው፣ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ስንረግጥ ይጨመቃል፣ እግራችንን ስናነሳ መልሶ ይመጥጣል። ጫናው ሲቀር ይሳሳል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። በሕብለ ሰረሰር ጉዳት መራመድ ያቆሙ ሰዎች ጉልበት በኤምአርአይ ሲለካ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካርቲሌጁ 10 በመቶ ገደማ ሳስቶ ታይቷል። ነርቭም ስለሌለው ሲሳሳ አያምም፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በግልጽ ካልከለከለ በቀር፣ ጄሶ ያልያዘውን ጉልበት፣ ዳሌና ጣት በቀን ደጋግመው ያጥፉ፣ ይዘርጉ። እንቅስቃሴው መርገጥን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ መገጣጠሚያው ግን እንዳይደርቅ ያደርጋል።

ትራስ ከጉልበት ስር ብቻ አድርጎ መዋል፦ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል።

ምርኩዝን በታመመው እግር በኩል መያዝ፦ በጤነኛው በኩል ባለው እጅ ይያዙት።

ሌላው ጄሶው በተፈታ ማግስት ክራንቹን ጥግ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ይህን እኔም አጥፍቻለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ኳስ ተጫዋች ልጅ ገና በሳምንቱ ደረጃ እንዲወጣና እንዲወርድ ፈቀድኩለት። በማግስቱ ጉልበቱ አብጦ መጣ፤ አሁንም ይቆጨኛል። የሳሳ ካርቲሌጅ ድንገተኛ ጫና አይችልም። 20 ኪሎ ብቻ ይጫኑበት ከተባሉ የክብደት ሚዛን መሬት ላይ ያስቀምጡ፤ ክራንቹን እንደያዙ በታመመው እግር ሚዛኑ 20 እስኪል ይጫኑ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ይድገሙት፤ እግርዎ ልኩን እስኪለምድ። በማግስቱ ጠዋት ጉልበቱ ካላበጠና ካልሞቀ፣ በሐኪምዎ ፈቃድ ትንሽ ይጨምሩ፤ ካበጠ ወደ ቀድሞው ልክ ይመለሱ።

እኒያ እናት ትናንት ሚዛኑ ላይ ቆመው «ይህችን ታህል ብቻ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ለዛሬ ይህችን ታህል።»